የጓዳዋ ሳይንቲስትና የሞግዚቷ ካሜራ

ይህን ጽሑፍ የምታነቢው ምናልባት ቤቱ ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። የመጨረሻው ሳህን ታጥቧል፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስ ተተኩሷል፣ ስልክሽ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። እንቅልፍ እስኪወስድሽ ያለችው ግማሽ ሰዓት ያንቺ ናት። በዚያች ግማሽ ሰዓት ስለ ፎቶግራፍ፣ ስለ መጽሐፍና ስለ ከዋክብት ማንበብ ቅንጦት ይመስልሽ ይሆናል። ስለ ኢቃማ፣ ስለ ኮንትራትና ስለ ሐዋላ የሚጻፈው ብዙ ነው፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ዛሬ ግን እሱን እናቆየውና ስለ ጥቂት ሴቶች ላጫውትሽ። ሁሉም በአንድ ወቅት የሰው ቤት ሠራተኞች ነበሩ። አንዷ ሰማይን አነበበች፣ አንዷ ከተማን ፎቶ አነሳች፣ አንዷ ረሃቧን ጻፈች። ሥራቸው ዛሬ በትልልቅ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ውስጥ ይገኛል። እነሱ ራሳቸው ከሥራቸው ያገኙት ነገር ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱንም አልደብቅሽም።

ልጇን ለእናቷ ትታ የተመለሰችው

ዊልያሚና ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1857 ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ በምትባል ከተማ ተወለደች። ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች ገና በ14 ዓመቷ ታናናሾቿን እንድታስተምር ተደረገች። በ20 ዓመቷ አገባች፣ በ21 ዓመቷ ከባሏ ጋር ውቅያኖስ አቋርጣ አሜሪካ፣ ቦስተን ገባች። ብዙም ሳይቆይ ባልየው ጥሏት ሄደ። እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዘመድ በሌለበት አገር፣ ሆዷ እየገፋ፣ የቀረላት መንገድ አንቺም የምታውቂው ነው፤ ሰው ቤት ተቀጠረች።

ቤቱ የፕሮፌሰር ኤድዋርድ ፒከሪንግ ነበር። ፒከሪንግ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ ናቸው። ፍሌሚንግ ለመውለድ ወደ ዳንዲ ተመልሳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የልጁን ስም በአሠሪዋ ስም ኤድዋርድ ቻርልስ ፒከሪንግ ፍሌሚንግ አለችው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1881 ሕፃኑን ለእናቷ ትታ ለብቻዋ ወደ ቦስተን ተመለሰች።

ስለ እሷ የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ነገር በአንድ መስመር ያልፏታል። ወደ ከዋክብቱ ለመድረስ ይቸኩላሉ። አንቺ ግን የምትቸኩዪ አይመስለኝም። ያኔ ኢሞ የለም፣ የድምፅ መልእክት የለም፤ የነበረው በመርከብ የሚሄድ ደብዳቤ ነው። ልጁ ለዓመታት «እማ» ያለው አያቱን ይሆናል። ከእናቱ ጋር አብሮ ለመኖር የበቃው ከዓመታት በኋላ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ነው። ሰማይ ላይ ያሉ ነገሮችን በስማቸው የምትለይ ሴት ልጇ በአያቱ እጅ ሲያድግ አላየችም።

ወደ ከዋክብት ሥራ እንዴት እንደገባች የሚነገር አንድ ታዋቂ ጨዋታ አለ። ፒከሪንግ በወንድ ረዳቶቻቸው ሥራ ተበሳጭተው ስኮትላንዳዊት የቤት ሠራተኛዬ ከእናንተ የተሻለ ትሠራለች ብለው ነበር ይባላል። ይህ ወሬ ደስ ይላል፤ ግን ልብ ብለሽ ካየሽው ጀግናው ሰውየው ነው። እሳቸው ባይናደዱ እሷ ጓዳ ትቀር ነበር የሚል ይመስላል። እኔ ደግሞ የምለው ይኸው ነው፦ ሴትየዋ እዚያ ቤት ከመግባቷ በፊት አስተማሪ ነበረች። ዲፕሎማሽን ሻንጣሽ ሥር አስቀምጠሽ የመጣሽ ከሆነ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ ማስረዳት አያሻኝም። ችሎታዋን የፈጠረላት ማንም የለም። ያላትን ያየላት ሰው ግን ተገኘ፤ ይህን ያህል ለፒከሪንግ መስጠት ይገባል።

አሁን ሥራው ምን እንደነበር ልንገርሽ፤ መልቀምን ለሚያውቅ ሰው አይከብድም። በዚያ ዘመን የከዋክብት ፎቶ የሚነሣው በፊልም ሳይሆን በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነበር። ቴሌስኮፑ ላይ ፕሪዝም የሚባል ሦስት ማዕዘን መስታወት ሲገጠም እያንዳንዱ ኮከብ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ብርሃኑ ተዘርግቶ ጠባብ ሪባን ይመስላል። ስፔክትረም ይባላል። በሪባኑ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ መስመር ኮከቡ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር አሻራ ነው፤ ሃይድሮጅን የራሱ መስመሮች አሉት፣ ካልሲየም የራሱ። አንድ ሰሌዳ በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ሪባኖች ሊይዝ ይችላል። ሁሉም ከጥፍርሽ ያነሱ ናቸው።

ፍሌሚንግ ማጉያ መነጽር ይዛ እነዚህን አንድ በአንድ ታያለች። የምትመሳሰለውን ከምትመሳሰለው ጋር ትመድባለች፤ ምስር ሲለቀም ጠጠሩ፣ ጎደሎውና ደህናው እንደሚለይ። በሃይድሮጅን መስመሮቻቸው ጥንካሬ መሠረት ለየምድቡ ከኤ ጀምራ የእንግሊዝኛ ፊደል ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ1890 በወጣው መዝገብ ከ10,000 በላይ ከዋክብት በዚህ መንገድ ተመድበው ታተሙ። ከእሷ በኋላ አኒ ካነን የተባለች የሥራ ባልደረባዋ ምድቦቹን ቀንሳና ቅደም ተከተላቸውን ቀይራ አስተካከለችው። ዛሬም የሥነ ፈለክ ተማሪ አንድን ኮከብ ኤ ወይም ቢ ብሎ ሲጠራ የሚጠቀመው ከዚያ ክፍል የወጡ ፊደሎችን ነው።

ሥራው እየበዛ ሲሄድ ሌሎች ሴቶችም ተቀጠሩ። ፍሌሚንግ አለቃቸው ሆነች። መጠሪያቸው «ኮምፒውተር» ነበር፤ ያኔ ኮምፒውተር ማሽን ሳይሆን የሚያሰላ ሰው ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራሉ፣ ክፍያቸው በሰዓት 25 ሳንቲም ገደማ ነበር። ሴቶችን መቅጠር የተፈለገበት አንዱ ምክንያት ጉብዝናቸው ነው። ሌላው ርካሽ መሆናቸው ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ተናግሮ ሌላውን መዝለል ግን ልማድ ሆኗል።

ቀበቶው ሥር ያለው ፈረስ

በታኅሣሥና በጥር ማታ ልብስ ልታሰጪ ጣሪያ ላይ ስትወጪ ወደ ላይ ተመልከቺ። የከተማው መብራት ቢኖርም በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ይታዩሻል። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ቀበቶ ናቸው። ከሦስቱ የምሥራቁ ጫፍ ላይ ያለው ስሙ አልኒታክ ነው። አረብኛ ከለመድሽ ቃሉን ትይዢዋለሽ፤ «ኒጣቅ» መታጠቂያ፣ ቀበቶ ነው። ብዙ ከዋክብት በመላው ዓለም የሚጠሩት በአረብኛ ስማቸው ነው፤ አንቺ ገበያ ላይ በምትናገሪው ቋንቋ።

ከአልኒታክ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በዓይን የማይታይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 የተነሣ አንድ የመስታወት ሰሌዳ ስትመረምር ፍሌሚንግ በሚያበራ ጋዝ መካከል ግማሽ ክብ የመሰለ ጥቁር ጉድጓድ አየች። ምልክት አደረገችበት፣ መጠኑንም ጻፈች። ዛሬ የፈረስ ራስ ኔቡላ ይባላል፤ ከበስተኋላው ያለውን ብርሃን የጋረደ የአቧራና የጋዝ ደመና ነው፣ ቅርጹም ቁርጥ የፈረስ አንገትና ራስ። ፎቶው በትምህርት ቤት መጻሕፍት ላይ ሁሉ አለ። ስልክሽ ላይ ስሙን ብትፈልጊ ከነቀለሙ ታገኚዋለሽ።

ታዲያ የዚያን ዘመን ትልቁ የሰማይ አካላት መዝገብ ሲታተም የእሷ ስም አልገባም። ግኝቱ ሁሉ በፒከሪንግ ስም ተጻፈ። ስሟ የገባው ከዓመታት በኋላ በወጣው ተከታይ መዝገብ ነው።

እሷ ግን ሥራዋን ቀጠለች። ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከ300 በላይ ከዋክብት አገኘች። በድንገት ደምቀው የሚፈነዱ፣ ኖቫ የሚባሉ 10 ከዋክብት አገኘች፤ በዚያ ዘመን የሚታወቁት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 ሃርቫርድ የከዋክብት ፎቶግራፎች ኃላፊ የሚል ማዕረግ ሰጣት። በ1906 የለንደኑ ሮያል አስትሮኖሚካል ሶሳይቲ የክብር አባል አደረጋት።

ከሁሉ የምወደው ግን የአንዲት ቀን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ሄንሪ ራስል የተባለ ወጣት ሳይንቲስት ከፒከሪንግ ጋር እያወራ ስለ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ዓይነት ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ወይዘሮ ፍሌሚንግ ናቸው የሚመልሱት ተባለ፤ ወደ ቢሮዋ ስልክ ተደወለ። ብዙም ሳይቆይ መልሱ መጣ፦ ምድቧ ኤ ነው። ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። ኤ ማለት ነጭና በጣም ትኩስ ኮከብ ነው፤ ያን ያህል ትኩስ ሆኖ ያን ያህል ደብዛዛ መሆን እንዴት ይቻላል? ኮከቧ እጅግ ትንሽና እጅግ የታመቀች ስለሆነች ነው። ዛሬ እንዲህ ያሉት ነጭ ድንክ ይባላሉ፤ የእኛም ፀሐይ መጨረሻዋ እሱ ነው። በዚያች ቀን የስልክ ጥሪ ከሰሌዳዎቹ መሃል መልሱን መዝዛ ያወጣችው ከ30 ዓመት በፊት ወለል ትወለውል የነበረችው ሴት ናት።

ደመወዝ፣ እንደገና

እ.ኤ.አ. በ1900 ሃርቫርድ ሠራተኞቹ የየዕለት ውሏቸውን ጽፈው ለመጪው ዘመን በሣጥን እንዲያስቀምጡ ጠየቀ። ፍሌሚንግም ጻፈች። ማስታወሻው አሁንም አለ፤ ስለ ከዋክብት እጠብቅ የነበርኩት እኔ ስለ ገንዘብ ሳገኝበት አልደነቀኝም። በዓመት የሚከፈላት 1,500 ዶላር ነው። ወንዶቹ ረዳቶች የሚያገኙት 2,500 ነው። ለአለቃዋ የትኛውም ሥራ ለእሷ አይበዛባትም፣ የትኛውም ሰዓት አይረዝምባትም፤ የጭማሪ ጥያቄ ስታነሣ ግን ለሴት ይህ ጥሩ ደመወዝ ነው ይሏታል። ቤት አላት፣ የምታስተምረው ልጅ አላት። ያ ዳንዲ ጥላው የሄደችው ሕፃን በዚያን ጊዜ ኤም አይ ቲ በተባለው ታዋቂ የምህንድስና ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ከፋዩዋ እሷ ናት።

ሥራውን ልተው ብዬ አስቤ አውቃለሁ፣ ያኔ የማደርገውን ያዩ ነበር የሚል ስሜት በገጾቹ ላይ ይነበባል። አልተወችም። እ.ኤ.አ. በ1911 በሳንባ ምች ስትሞት 54 ዓመቷ ነበር።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ የታጠበ ፎቶ

ቪቪያን ማየር ሌላ ዓይነት ሰው ናት። ፍሌሚንግ ያያት ሰው ነበር፤ ማየርን በሕይወት ሳለች ያየ የለም ማለት ይቻላል። እሷም እንዲያዩዋት የፈለገች አትመስልም።

እ.ኤ.አ. በ1926 ኒው ዮርክ ተወለደች። እናቷ ፈረንሳዊት ነበረች፤ የልጅነቷ አንድ ክፍል ያለፈው በፈረንሳይ ተራሮች መንደር ነው። በ1951 ተመልሳ መጣችና ጥቂት ቆይታ ሞግዚትነት ጀመረች። በ1956 ቺካጎ አጠገብ ሦስት ወንዶች ልጆች ያሉት ቤተሰብ ጋ ተቀጠረች፤ እዚያም ከአሥር ዓመት በላይ ቆየች። ከዚያ ሌላ ቤት፣ ሌላ ቤት፤ አርባ ዓመት ገደማ የሰው ልጅ አሳደገች።

አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ሮሌፍሌክስ የሚባል ካሜራ ይንጠለጠላል። ይህ ካሜራ ወደ ዓይን አይነሣም፤ ደረት ላይ ተይዞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታይበት። ስለዚህ የተነሣው ሰው ሁልጊዜ አይነቃም። ልጆቹን ይዛ ትወጣለች፤ ወደ ሽርሽር ቦታ ብቻ ሳይሆን ወደ ከተማው ጎስቋላ ሰፈርና ወደ ከብት ገበያው ጭምር። በመንገድ ላይ ሰካራም፣ ባለ ሚንክ ካባ ወይዘሮ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ጋዜጣ ሻጭ ታነሣለች። በመጀመሪያው ቤቷ የራሷ መታጠቢያ ቤት ስለነበራት ፊልሟን እዚያው ታጥብ ነበር። ቀን የልጆች ልብስ፣ ማታ ፊልም።

ያነሣቻቸው ፎቶዎች ከ100,000 ይበልጣሉ። ያሳየቻቸው ሰዎች ግን በጣት ይቆጠራሉ። ከመጀመሪያው ቤት ከወጣች በኋላ ፊልሙን ማጠቢያ ቦታና ገንዘብ አጠራት፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቅሎች ሳይታጠቡ ቀሩ፤ ያነሣችውን ራሷም አላየችውም። ከቤት ቤት ስትዘዋወር ሣጥኖቿን ይዛ ትሄዳለች፣ በሯን ትቆልፋለች። በመጨረሻ ሣጥኖቹን በኪራይ መጋዘን አስቀመጠች። ኪራዩን መክፈል ሲያቅታት እ.ኤ.አ. በ2007 ዕቃዋ በሐራጅ ተሸጠ። ስለ ቺካጎ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የድሮ ፎቶ የሚፈልግ አንድ ወጣት ከ400 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ አንድ ሣጥን ገዛ። ምን እንደገዛ የገባው ቆይቶ ነው። በ2009 ስሟን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ያገኘው ከቀናት በፊት የወጣ የሞት ማስታወቂያዋን ነበር። በረዶ አዳልጧት ወድቃ ራሷን ተመትታ ነበር፤ አላገገመችም።

ዛሬ ፎቶዎቿ በአውሮፓና በአሜሪካ ጋለሪዎች ይታያሉ፣ ይሸጣሉ። ስለ እሷ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ለኦስካር ታጭቷል። የቅጂ መብቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። ልጅም ባልም ስላልነበራት ወራሽ ፍለጋ ፈረንሳይ ድረስ ተሄዷል። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም የመጋዘን ኪራይዋን አልከፈለችም።

የማየርን ታሪክ ሲተርኩ አሠሪ ሁሉ ክፉ፣ ሠራተኛ ሁሉ መልአክ ማድረግ ቀላል ነው። አልነበረም። ካሳደገቻቸው ልጆች አንዳንዶቹ ከባድ ሰው ነበረች፣ ትጨክንብን ነበር ብለው ፊልሙ ላይ ተናግረዋል። ያ የመጀመሪያው ቤት ሦስት ወንዶች ልጆች ደግሞ አድገው፣ እሷ አርጅታና ደህይታ ሲያገኟት፣ የቤት ኪራይዋን ይከፍሉላት ነበር።

እኔ በብዛት የማያቸው ራሷን ያነሣችባቸውን ነው። በመስታወት፣ በሱቅ መስኮት፣ በመኪና ጎን፣ አንዳንዴ ሣር ላይ በወደቀ ጥላዋ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ፈገግታ የሌለው ፊት። የሰው ቤት መስታወት ስትወለውዪ ፊትሽን ያየሽበት ጊዜ የለም? እሷ በዚያች ቅጽበት ካሜራዋን ትጫን ነበር።

ስለ ካሜራ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ማየር መንገደኛን ሳታስፈቅድ አነሣች። አንቺ ባለሽበት አገር ይህን አታድርጊ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሣትና ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል፤ የአሠሪሽን ቤት፣ ሴቶቹንና ልጆቹን ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ደግሞ ከሥራ ማጣት አልፎ እስርና ከአገር መባረር ሊያመጣ ይችላል። ጥላሽ ግን ያንቺ ነው። እጅሽ፣ የክፍልሽ መስኮት፣ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ የሚወድቀው ብርሃን፣ የምትጠጪው ቡና የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም።

የራስ ክፍል፣ ግን የማን?

ስለ ሴቶችና ስለ ፈጠራ ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠቀስ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለ፤ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመችው «የራስ ክፍል»። ሐሳቡ አጭር ነው። ሴት ልጅ እንድትጽፍ በዓመት 500 ፓውንድና የሚቆለፍ የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል። ትክክል ነው። መጽሐፉን ስወደው ኖሬአለሁ። ሆኖም ዉልፍ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ስትጽፍ ምሳውን የምትሠራ ሴት ነበረች፤ ኔሊ ቦክሶል ትባላለች፣ ከ1916 እስከ 1934 ቤቱ ውስጥ አገልግላለች። የሁለቱ ጭቅጭቅ በዉልፍ የዕለት ማስታወሻ ውስጥ ለዓመታት ይመላለሳል። ዉልፍ ስለ ኔሊ የጻፈችው በገጽ በገጽ አለ። ኔሊ ስለ ዉልፍ ማታ ማታ ምን ታስብ እንደነበር የሚነግረን ማስታወሻ ግን የለም።

ሌላኛው ወገን ሲጽፍ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግሽ ወደ ብራዚል እንሂድ።

ካሮሊና ማሪያ ጂ ጄዙስ እ.ኤ.አ. በ1914 ተወለደች። ትምህርት ቤት የቆየችው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሳኦ ፓውሎ መጥታ ሰው ቤት ሠራች፤ ከአሠሪዎቿ አንዱ ስመ ጥሩ የልብ ሐኪም ነበሩ፣ በእረፍት ቀኗ ከመጽሐፍ መደርደሪያቸው እንድታነብ ፈቀዱላት። ስታረግዝ ሥራዋን አጣችና ከተማው ዳር ባለ የጎስቋሎች መንደር ከጣውላ ፍርስራሽ ጎጆ ቀለሰች። ለብቻዋ ሦስት ልጆች አሳደገች። ወረቀትና ብረታ ብረት ከቆሻሻ እየለቀመች ትሸጥ ነበር። ከለቀመችው ወረቀት መሃል ያልተጻፈበት ሲገኝ ግን አትሸጠውም። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ትጽፍበታለች።

የጻፈችው ምንድን ነው? ዛሬ ስንት ሳንቲም አገኘሁ፣ ዳቦ ስንት ገባ፣ ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ተነሣሁ፣ ጎረቤት ከማን ጋር ተጣላ። ረሃብን ስትገልጸው ቀለም አለው፤ ቢጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አንድ ጋዜጠኛ ወደ መንደሩ ሲመጣ የልጆች መጫወቻ ይዘው በማይለቁ ጎረምሶች ላይ አንዲት ሴት ስትጮህ ይሰማል፤ በመጽሐፌ እጽፋችኋለሁ እያለች። የምን መጽሐፍ ብሎ ጠየቃት። ደብተሮቹን አሳየችው። በ1960 ሲታተም የመጀመሪያው ኅትመት 10,000 ቅጂ በሳምንት ውስጥ አለቀ፤ ከዚያ ከአሥር በላይ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ርዕሱ «የአሮጌ ዕቃ ክፍል» እንደማለት ነው። ከተማዋ እንግዳ የሚቀበሉባት ሳሎን ከሆነች እኛ ሰባራው የሚወረወርበት ጓዳ ነን የሚል ነገር አለበት።

በገንዘቡ የጡብ ቤት ገዛች። ከመንደሩ ስትወጣ ግን ጎረቤቶቿ ድንጋይ ወረወሩባት፤ ጉዳችንን ጽፋ ሸጠችን ብለው። ይህንን ቀላል አድርጌ አላየውም። ስለ ራስሽ ስትጽፊ ስለ ሌላውም ትጽፊያለሽ፤ ያኛው ደግሞ አልተጠየቀም። በኋላ ያሳተመቻቸው መጻሕፍት አልተሸጡላትም፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ስትሞት ዳግመኛ ድሃ ነበረች። ብራዚላውያን ዛሬ በትምህርት ቤት ያነቧታል።

አንዷ በሕይወት አለች፤ ከእኛ ዘመን ናት። ፊሊፒናዊቷ ዛይዛ ክሩዝ ባካኒ በ19 ዓመቷ ሆንግ ኮንግ ሄደች፤ እናቷ ትሠራበት ወደነበረው ቤት። የመጀመሪያ ካሜራዋን የገዛችው ከአሠሪዋ በተበደረችው ገንዘብ ነው። በእረፍት ቀኗ እየወጣች ከተማውን በጥቁርና ነጭ አነሣች፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች። ከአሠሪ ቤት ተጎድተው የወጡ ሠራተኞች የሚጠለሉበት ቤት ሄዳም አነሣች። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ዮርክ ታይምስ ሥራዋን አወጣው፤ በዓመቱ የማግነም ፋውንዴሽን የትምህርት ዕድል አግኝታ ኒው ዮርክ ሄደች። በ2018 ስለ ስደተኛ ሠራተኞች መጽሐፍ አሳተመች፤ እናቷም በመጽሐፉ ውስጥ አለች። አሠሪዋ ያበደረችው ገንዘብ ባይኖር ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ብድሩን ከደመወዟ መክፈሏንም አትርሺ።

አንቺ ደብተር ካለሽ ቀኑን ጻፊበት። ማየር ብዙ ጊዜ ቀንና ቦታ ስላልጻፈች ዛሬ ሰዎች ፎቶዎቿን የሚያሳድዱት በመኪና ሞዴልና በጋዜጣ ርዕስ ነው። ስልክሽ ላይ ያለውንም በኢሜይልሽ ወይም አገር ቤት ባለ በምታምኚው ሰው ዘንድ ቅጂ አስቀምጪ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ አንዳንዴም ይወሰዳል። የይለፍ ቃሉን አንቺ ብቻ እወቂው።

ወደ ፍሌሚንግ ልመለስና ላብቃ። ሃርቫርድ ያሉት የመስታወት ሰሌዳዎች ከ500,000 ይበልጣሉ። ሴቶቹ ሲሠሩ በመስታወቱ ላይ በቀለም ይጽፉ ነበር፤ ቀስት፣ ክብ፣ ቁጥር፣ የጥያቄ ምልክት። በቅርብ ዓመታት ሰሌዳዎቹ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ ማሽኑ ኮከቦቹን በትክክል እንዲያይ ቀለሙ መጥፋት ነበረበት። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሰሌዳ ከነጽሑፉ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ሠራተኞች መስታወቱን አንድ በአንድ ወለወሉት።